ስቲከሩ የማይናገረው፦ ስለ ጌሚንግ ኮምፒውተር ድሬ ላይ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ገብቶ ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር የሚጠይቅ ልጅ ሦስት ነገር ይነገረዋል፦ ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ግራፊክሱ 4 ጂቢ ነው፣ ራሙ 16 ነው። ሦስቱም እውነት ሆነው ማሽኑ ጌሙን ላይችለው ይችላል። ብሩ ለወራት የተጠራቀመ ስለሆነ ስህተቱ ያማል። ከተገዛ በኋላ ደግሞ የድሬ ሙቀት፣ አቧራና የመብራቱ መዋዠቅ ይጠብቁታል። ከዚህ በታች ያሉት ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ በየሱቁና በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ሲደጋገሙ የሚሰሙ አባባሎች ናቸው።

«አቦ፣ ኮር አይ ሰቨን ነው እኮ!»

አይ ሰቨን የሚለው የፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል፣ ሲፒዩ) ስም ብቻውን ብዙም አይናገርም። ወሳኙ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥርና መጨረሻው ላይ ያለው ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ7-2600 እና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይ3-12100 ሁለቱም 4 ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) አላቸው፤ ነገር ግን «ትንሹ» አይ ስሪ «ትልቁን» አይ ሰቨን በሰፊ ልዩነት ይበልጠዋል። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ይብሳል። አይ7-7500ዩ ያለው 2 ኮር ብቻ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው አይ5-8250ዩ 4 ኮር አለው። የመጨረሻው «ዩ» ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ማለት ነው፤ ለጌም የሚፈለገው «ኤች» የሚለው ነው።

ሻጩ ፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ በሉ፤ ሙሉ ስሙም የኮሩ ብዛትም እዚያ ተጽፏል። ስቲከር ተልጦ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ይለጠፋል፤ ይሄኛው ግን ከራሱ ከማሽኑ የተነበበ ነው። ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ (ቁጥሩ እንደ 8250ዩ በ8 ከሚጀምረው) በታች ያለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ዊንዶውስ 11ን በይፋ እንደማይቀበል፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 እንዳበቃ ዋጋ ስትደራደሩ አስታውሱ።

«ግራፊክስ ካርድ ጂቢው ሲበዛ ይበልጣል»

ብዙ ብር የሚያስበላው ይሄኛው ነው። ጂቢው የሚነግረን ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ምን ያህል መረጃ መያዝ እንደሚችል ነው እንጂ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሠራ አይደለም። ጂቲ 730 ባለ 4 ጂቢ ተብሎ ይሸጣል፤ በብዙዎቹ ላይ ያለው ዘገምተኛው ዲዲአር3 ሜሞሪ ነው፤ ባለ 64 ቢቱ (የመረጃ መንገዱ ጠባብ የሆነው) በሰከንድ የሚያመላልሰው 14 ጂቢ ገደማ ነው። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ባለ 2 ጂቢው ግን ፈጣኑ ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ስላለው በሰከንድ 86 ጂቢ ያመላልሳል። ጂቢው በግማሽ ያነሰው ካርድ ጌም ላይ አጠገቡ አያስደርሰውም። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ደግሞ 112 ጂቢ ያመላልሳል፤ የሚፈጀው 75 ዋት ስለሆነም አብዛኛው ሞዴል ተጨማሪ የፓወር ገመድ አይፈልግም። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ጌም ማጫወት ለሚፈልግ ሰው የሚመቸው ለዚህ ነው። ኬሱ ቀጭን ከሆነ ግን ቁመቱ አጭር የሆነውን ካርድ ጠይቁ፤ ረጅሙ ክዳኑን አያስገጥምም።

የተጭበረበረ ካርድም አለ። አሮጌ ቺፕ ወስደው ባዮሱን (ካርዱ ውስጥ ያለውን መነሻ ፕሮግራም) በመቀየር ራሱን «1050 ቲአይ ነኝ» እንዲል ያደርጉታል። ዊንዶውስ ያምነዋል፤ ጌም ሲከፈት ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ማሽኑ ይዘጋል። ካርዱ ላይ ሰማያዊው የቪጂኤ ሶኬት ካለ ተጠራጠሩ፤ የ1050 ቲአይ ቺፕ ያንን የድሮ መስመር አያወጣም። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የታወቁትን የውሸት ካርዶች ከስማቸው በፊት «ፌክ» ብሎ ያጋልጣቸዋል። ከዚያም ከባድ ጌም 15 ደቂቃ ሳታጫውቱ ብር አትክፈሉ።

ካርዱ ደህና ሆኖ ጌሙ ስታክ የሚያደርግበት አንድ ምክንያት ደግሞ አለ፦ የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተሰክቶ ይገኛል፤ ያኔ ምስሉ ከካርዱ አይመጣም። ከኬሱ ኋላ ዝቅ ብለው በአግድም ከተደረደሩት የካርዱ ሶኬቶች ላይ ስኩት።

«ራም ከጨመርክ ጌሙ ይፈጥናል»

የሚፈጥነው ራሙ (ማሽኑ ለጊዜው የሚሠራበት ሜሞሪ) ሞልቶ ከነበረ ብቻ ነው። ጌሙ ክፍት ሆኖ ታስክ ማናጀር ላይ ሜሞሪ 90 በመቶ ካለፈ መጨመር ይጠቅማል፤ 60 በመቶ ላይ ከቆመ አይጠቅምም። ይልቅ አንድ ባለ 8 ከማድረግ ሁለት ባለ 4 ማድረግ፣ በተለይ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን፣ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ሁለት ሆነው ሲሠሩ መንገዱ እጥፍ ይሰፋል። ኤስኤስዲም (ፈጣኑ የፋይል ማከማቻ) እንዲሁ ነው። ጌሙ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል፤ የኤፍፒኤስ ቁጥሩን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ወይም የፍሬም ብዛት) ግን አይጨምርም።

«ፓወር ሰፕላዩ 500 ዋት ነው፤ ይበቃል»

ፓወር ሰፕላይ ለማሽኑ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተዉትና ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቡ። +12 ቮልት የሚለውን ዓምድ ፈልጉ፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከእሱ ነው። እዚያ 18 አምፒር ካለ 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ነው። 500 የተባለው ዕቃ ለጌም የሚሰጣችሁ ያንን ብቻ ነው። ትክክለኛ ባለ 500 ዋት 12 ቮልቱ ላይ 38 አምፒርና ከዚያ በላይ ይጽፋል፤ በእጅ ሲያነሱትም ይከብዳል።

ፓወር ሰፕላይ ሲያንስ ምልክቱ ሌላ ዕቃ ያስወቅሳል። ጌም ሳይከፈት ሰላም ነው፤ ጌሙ ሲከብድ ግን ማሽኑ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጠፍቶ ይነሳል። ባለቤቱ ዊንዶውስ ያስጭናል፣ ራም ያስቀይራል፣ ካርዱን ይሸጣል።

ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ማሽን ከሆነ ኋላው ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ መኖሩን እዩ። ካለና 115 ላይ ከሆነ ሳትሰኩት ወደ 230 ግፉት። በእኛ 220 ቮልት ላይ እንዲሁ ከተሰካ ድምፅ፣ ጭስ፣ አለቀ። ማብሪያ ከሌለውና «100–240» ከሚል ምንም አያስፈራም። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 እና 9020 ደግሞ የማዘርቦርድ ገመዳቸው ባለ 24 ፒን ሳይሆን ባለ 8 ፒን ነው፤ ተራ ፓወር ሰፕላይ ያለ አዳፕተር አይገጥማቸውም።

«ስታቢላይዘር ካለ መብራት ምንም አያደርገውም»

ስታቢላይዘር ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን እሱም አብሮ ይጠፋል፤ ውስጡ ባትሪ የለም። ፋይል የሚያበላሸው በዊንዶውስ አፕዴት ወይም በጌም ሴቭ መሃል ድርግም ማለቱ ነው። ሃርድዌሩን የሚጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ግፊት ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ስኩ። ምንም ወጪ የለውም፤ ማሽን ያድናል።

ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። 650 ቪኤ የሚለውን 650 ዋት አድርጋችሁ አትቁጠሩ፤ የሚችለው ከ360 እስከ 390 ዋት ገደማ ነው። ጌም ላይ ላለ ማሽን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፦ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት እንጂ ጨዋታ ለመጨረስ አይደለም። ባትሪው ሙቀት አይወድም፤ በተለመደው ስሌት ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ሥር አውጡት።

«ኬሱ ሲነካ መንዘሩ ያለ ነው»

ሁሉም ቤት ስለሚነዝር ልክ አይሆንም። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ኬሱ ያወጣል፤ ያ ኤሌክትሪክ በሦስተኛው ፒን ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለው፣ ወይም ሦስተኛው ፒን አልገባ ብሎ ከተቆረጠ፣ ኬሱ ላይ የመስመሩ ግማሽ፣ 110 ቮልት አካባቢ፣ ይቆማል። አምፒሩ ትንሽ ስለሆነ ያሳክካል እንጂ አይጥልም። ግን በርቶ ሳለ የቲቪ ኤችዲኤምአይ ስትሰኩ ያ ቮልት በፖርቱ በኩል ይወርዳል፤ የተቃጠለ ኤችዲኤምአይ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ይሄ ነው። መፍትሔው የመሬት መስመር በኤሌክትሪሺያን ማስዘርጋት ነው። እስከዚያው ገመድ የምትሰኩት ሁለቱም ዕቃዎች ከግድግዳ ተነቅለው ይሁን።

«ሲሞቅ ኬሱን ከፍቶ ቬንትሌተር ማዞር ነው»

ለአንድ ሰዓት ይሠራል፤ በወሩ ግን የባሰ ይሞቃል፤ ምክንያቱም ቬንትሌተሩ የደቻቱን አቧራ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ይነፋል። ኬስ ተዘግቶ ከፊት ቀዝቃዛ አየር ስቦ ከኋላ ሞቃቱን እንዲያወጣ ነው የተሠራው። የሚያስገቡት ፋኖች ከሚያወጡት በቁጥር ቢበልጡና ፊታቸው ላይ ማጣሪያ ቢኖር አቧራው በየቀዳዳው አይገባም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፋን የክፍሉን አየር ነው የሚያነፍሰው። ክፍሉ ከ22 ወደ 35 ዲግሪ ሲወጣ ፕሮሰሰሩም ያንኑ 13 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። አብዛኛው የኢንቴል ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት ደህና የነበረው ጌም ሰኔ ላይ በበርጫ ሰዓት ስታክ የሚያደርገው በቫይረስ አይደለም። ያው ላፕቶፕ ሐረር ላይ ሲሠራ ቆይቶ በደንገጎ ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ ባሕሪው የሚለወጠውም በዚሁ ነው። (ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ፋን በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ቅዝቃዜው ግን ያንን ይክሰዋል።)

ላፕቶፕ ውስጥ አቧራው የሚቀመጠው ፋኑ ላይ ሳይሆን በፋኑና በመዳቡ ክንፎች መካከል ነው። ሲከፈት እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተጠቀጠቀ ግራጫ ድርብ ይገኛል፤ አየር በእሱ አያልፍም። ከውጭ በኩል መንፋት ወደ ውስጥ መልሶ ይበትነዋል። ስለዚህ አጥፍታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያዙ፤ የታችኛውን ክዳን ክፈቱ፤ ከቻላችሁ የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ አላቁ። የፋኑን ክንፍ በጣት ወይም በስቴኪኒ አስይዛችሁ በብሩሽ ድርቡን አንሱ፤ እንዲሽከረከር ከለቀቃችሁት ኩሽኔታው ይጎዳል። ቴርማል ፔስቱ (ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ከተሰነጠቀ በ90 በመቶ አልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ ዴስክቶፕ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል ጠብታ መሃል ላይ ይበቃል። ሲበዛ ወደ ጎን ይፈሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ድሬ ላይ ይህን በየሦስት ወሩ አድርጉት።

ያለ ወጪ የሚሠራ አንድ ነገርም አለ። ዊንዶውስ ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርዱ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቱርቦው (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት) ይጠፋል፤ ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል፤ በአብዛኛው ጌም ላይ የሚጠፋው ፍጥነት ማሽኑ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ከሚጠፋው ያንሳል።

«ዓይን ከ30 ፍሬም በላይ አያይም»

ያያል። 60 ኸርትዝ (ሞኒተሩ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ሲቀይር) ላይ አዲስ ምስል በየ16.7 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል፣ 144 ላይ በየ6.9። ማውሱን በፍጥነት አንቀሳቅሶ ማየት ይበቃል። የሚያሳዝነው ባለ 144 ሞኒተር ገዝተው በ60 የሚጫወቱት ብዛት ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ አይቀይረውም። ሴቲንግስ፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ 144 ምረጡ።

«ጌም የሚጫወት ልጅ ሱሰኛ ነው»

ለወላጆች፦ የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሕመምን በበሽታዎች ዝርዝሩ ላይ አስፍሯል፤ ዝርዝሩም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ይሠራበታል። መስፈርቱ ግን ጥብቅ ነው። ልጁ ጨዋታውን መቆጣጠር አቅቶት፣ ጌሙን ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ፣ ጉዳት እያየም ቀጥሎ፣ ይህም ትምህርቱን ወይም ቤተሰባዊ ሕይወቱን በጉልህ እየጎዳ ባብዛኛው 12 ወር ሲቆይ ነው። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ፊፋ መጫወት ይህ አይደለም።

«ክራኩ ቫይረስ የለውም፤ አንቲቫይረሱን ብቻ አጥፋው»

አጥፉት የተባላችሁበት ምክንያት እሱ ሊያየው የሚችለው ነገር ስላለ ነው። በክራክ (ያለ ክፍያ እንዲሠራ በተሰበረ ጌም) ተደብቆ የሚገባው ብዙ ጊዜ ማይነር (በእናንተ ማሽን ለሌላ ሰው ክሪፕቶ የሚቆፍር ፕሮግራም) ነው፦ ምንም ሳትጫወቱ ግራፊክስ ካርዱ 90 በመቶ ይሠራል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ የመብራት ቆጣሪው ይሮጣል። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፋኑ ድንገት ዝም ካለ ጠርጥሩ፤ ብዙዎቹ መታየት ሲጀምሩ ይደበቃሉ። ከፕሌይስቴሽን ቤት በፍላሽ ለተቀዳም እንዲሁ። ብር ሳትከፍሉ መጫወት ከፈለጋችሁ ኤፒክ ስቶር የሚባለው የጌም መደብር እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ጌም በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል፤ አካውንት ለመክፈት ካርድ አይጠይቅም።

«ፓኬጁ ፈጣን ከሆነ ኦንላይን ላግ አይኖርም»

ሜጋቢት የማውረጃ ፍጥነት ነው፤ ኦንላይን ጌም የሚፈልገው ዝቅተኛ ፒንግ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ከሆነ ቀጥታ መስመር እንኳ ቢኖር ርቀቱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ ኬብሉ ደግሞ ቀጥታ አይሄድም። የትኛውም ፓኬጅ ይህን አያሳጥርም። ጌሙ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ካለው ሁለቱንም ሞክሩና ያነሰውን ፒንግ ምረጡ፤ ካርታ ላይ የቀረበው ሁልጊዜ አያሸንፍም።

በእጃችሁ ያለው የቤቱ ውስጥ ክፍል ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ባሉት የድሮ ቤቶች ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የ5 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይን ከአንድ ክፍል አያሳልፍም፤ ፒንጉ 80 የነበረው በየጥቂት ሰከንዱ 400 ይሆናል። ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። ራውተሩ ካለበት ክፍል በበሩ ሥር አሳልፋችሁ ዘርጉት፤ ሰው እንዳይጠለፍበትም ከግድግዳው ሥር በምስማር መያዣ አስጠጉት።