ፈርናንዶ ፈርናን ጎሜዝ፦ ተዋናይ፣ ዳይሬክተርና ጸሐፌ ተውኔት

ፈርናንዶ ፈርናን ጎሜዝ (እ.ኤ.አ. 1921–2007) ስፔን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ካፈራቻቸው የፊልምና የቴአትር ሰዎች ከፊተኞቹ ይሰለፋል። ሕዝቡ የሚያውቀው በተዋናይነቱ ነው። የጻፋቸውና ያዘጋጃቸው ሥራዎች ግን ከትወናው ቢበልጡ እንጂ አያንሱም፤ ዋና ዋናዎቹ ተመልካች ፊት የቀረቡት ብዙ ዘግይተው መሆኑ ነው የጎዳው።

የተወለደው በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ነው። ተዋናይት የነበረችው እናቱ ካሮላ ፈርናንዴዝ ጎሜዝ ከቴአትር ቡድኗ ጋር ደቡብ አሜሪካን ስትዞር ወለደችው። ልደቱ የተመዘገበው በቦነስ አይረስ ስለሆነ እስከ 1984 ድረስ ዜግነቱ አርጀንቲናዊ ነበር። አባቱ የስመ ጥሯ ተዋናይት የማሪያ ገሬሮ ልጅ ቢሆንም ልጄ ብሎ አልተቀበለውም፤ የመድረክ ስሙም የተቀዳው ከእናቱ ስም ነው። ማድሪድ ውስጥ ያሳደገችው የእናቱ እናት ናት።

ትወና የተማረው በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት (1936–1939) ጊዜ፣ አናርኪስቶች፣ ማለትም መንግሥት አያስፈልግም የሚሉ ወገኖች፣ የመሠረቱት የሠራተኛ ማኅበር በከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኤንሪኬ ሃርዲኤል ፖንሴላ የተባለው የኮሜዲ ጸሐፊ ይህን ቀይ ጸጉራም ወጣት አይቶ በተውኔቱ ውስጥ ቦታ ሰጠው። በ1943 ወደ ፊልም ገባ፤ ለዓመታትም እንጀራው ቀለል ያሉ ኮሜዲዎች ሆኑ።

ዳይሬክተር ሆኖ መጀመሪያ ትኩረት የሳበው «ሕይወት ከፊታችን» በተሰኘው የ1958 ፊልም ነው። የተማሩ ወጣት ባልና ሚስት ቤትም ሥራም አጥተው ሲንከራተቱ ያሳያል። አንድ ተብታባ ምስክር የመኪና አደጋ ሲተርክ፣ ምስሉም አብሮት እየተንተባተበ ወደፊት ወደኋላ ይላል። ከጦርነቱ በኋላ ስፔንን በገዛው አምባገነን በፍራንኮ ዘመን እንዲህ ዓይነት ጨዋታ የሚደፍር ብዙ አልነበረም።

ከዚያ የመጡት ሁለት ፊልሞች የባሰ ዕጣ ገጠማቸው። በ1963 የተሠራው «ዓለም ይቀጥላል» በማድሪድ ሠፈር ውስጥ እርስ በርስ የሚጠላሉ እህትማማቾችን ታሪክ ያለ ምንም ማለዘቢያ ያቀርባል። ሳንሱሩ አልወደደውም፤ በ1965 ቢልባኦ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ከመታየት በቀር በወጉ ለሕዝብ የቀረበው በ2015፣ ዳይሬክተሩ ፈርናን ጎሜዝ ካረፈ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። «እንግዳው ጉዞ» (1964) ደግሞ ማዛሮን በተባለ የባሕር ዳርቻ ከተፈጸመ እውነተኛ ወንጀል ተነስቶ፣ የአንዲትን ትንሽ ከተማ ሐሜትና አፈና በሳቅና በድንጋጤ መካከል ያሳያል። እሱም ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ቆየ። ዛሬ ሁለቱም ከስፔን ምርጥ ፊልሞች ይቆጠራሉ።

ጸሐፌ ተውኔት ያሰኘው «ብስክሌት ለበጋ ነው» የተሰኘው ሥራው ነው። ሎፔ ዴ ቬጋ የተባለውን የተውኔት ሽልማት ያገኘው ፍራንኮ ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ በ1982 ማድሪድ በሚገኘው ቴአትሮ ኤስፓኞል ታየ። አንድ ልጅ በ1936 በጋ ብስክሌት እንዲገዛለት ይለምናል፤ ጦርነቱ ይመጣል፤ ብስክሌቱም ይቀራል። የጦር ሜዳ አይታይም። የሚታየው የአንድ ቤተሰብ ረሃብ ነው፦ ከድስቱ የሚጎድለውን ምስር ሁሉም በየተራ በድብቅ አንዳንድ ማንኪያ እየቀመሱ እንደጨረሱት በኀፍረት ይናዘዛሉ። በእኔ ግምት ስለዚያ ጦርነት ከተጻፉት ተውኔቶች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው።

«የትም የማያደርስ ጉዞ» መጀመሪያ የራዲዮ ድራማ፣ ቀጥሎ ልቦለድ፣ በ1986 ደግሞ ፊልም ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ከመንደር መንደር የሚዞር፣ ሲኒማ ገበያውን የነጠቀው የተዋንያን ቡድን ታሪክ ነው። ፈርናን ጎሜዝ ራሱ የተጫወተው ሽማግሌ በአንድ ፊልም ውስጥ ትንሽ ሚና ያገኛል፤ የለመደው መድረክ ላይ መጮኽ ነውና ለካሜራው የሚሆን ድምፅ ከየት ያምጣ። ጎያ የተባለው የስፔን የፊልም ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ይህ ሥራ በምርጥ ፊልም፣ በዳይሬክተርነትና በድርሰት አሸነፈ፤ በዚያው ምሽት በሌላ ፊልም የተዋናይነቱንም ሽልማት እሱው ወሰደ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ግን አልተገኘም።

በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ሁለቴ የምርጥ ተዋናይ የብር ድብ፣ በ2005 የክብር የወርቅ ድብ ተሸልሟል፤ በ2000 ደግሞ የስፔን ቋንቋ አካዳሚ አባል ሆኖ ወንበሩን ያዘ። ብዙ ወጣት ስፔናውያን የሚያውቁት ግን አንድ አድናቂ ላይ በቁጣ ሲጮኽ በተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ኅዳር 2007 ማድሪድ ውስጥ አረፈ። አስከሬኑ በቴአትሮ ኤስፓኞል መድረክ ላይ የአናርኪስቶቹን ቀይና ጥቁር ባንዲራ ለብሶ ተሰናበተ፤ በኮሎን አደባባይ የሚገኘው የከተማው ቴአትር ቤትም በስሙ ተሰይሟል።