«ዘመኑ ነው» እያልን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰው ሲዋሽ፣ ጉቦ ሲቀበል፣ ትዳሩን ሲያፈርስ እናይና «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» እንላለን። እኔም ስንቴ ብያለሁ! ግን ከዚህች አባባል ጀርባ ብዙ የተሳሳተ ነገር አለ።

«ድሮ ይቀል ነበር»

አይቀልም ነበር። ኖኅ «አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር አደረገ» የተባለው ምድር በግፍ በተሞላችበት ጊዜ ነው። መክብብ 7፥10ም «ያለፈው ዘመን ከዚህ ለምን ተሻለ?» ብሎ መጠየቅ ከጥበብ አይደለም ይላል። ትዝታ ደጉን እያስቀረ ክፉውን ይጥላል።

«ከእግዚአብሔር ጋር ለመሄድ ከሰው መራቅ ያስፈልጋል»

ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ጋር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ለብሕትውና የተጠሩ አሉ፤ ጥሪያቸውም ክቡር ነው። የሁላችንም ጥሪ ግን አይደለም። ሄኖክን ተመልከቱ። አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር አደረገ፤ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ወለደ ይላል። ቤት ውስጥ ልጅ እያለቀሰ፣ ሌሊት እየተነሣ ማለት ነው።

ዳንኤልም ተማርኮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። ስሙን ቀየሩት፤ የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ተማረ፤ በቤተ መንግሥት አገለገለ። ጠላቶቹ ሊከሱት ሲፈልጉ መጀመሪያ የመረመሩት ጸሎቱን ሳይሆን ሥራውን ነው። ምንም ስሕተት አጡበት። እንደ እኔ ከአንበሶቹ ጉድጓድ ይልቅ ይህ ያስደንቃል። ጸሎት የሚከለክለው ትእዛዝ ሲወጣም አዲስ ነገር አላደረገም። ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው መስኮቱ ፊት ተንበርክኮ፣ እንደ ቀድሞው በቀን 3 ጊዜ ጸለየ።

የእኛስ? አለቃችሁ አንድ ወረቀት ገፋ አድርጎ «እዚህ ጋር ፈርሙ፣ ሁሉም ፈርሟል» ይላል። ያልተሠራው ሥራ ተሠርቷል የሚል ወረቀት ነው። እስክሪብቶው እጃችሁ ላይ ነው። የወር ወጪ ትዝ ይላችኋል፤ የአለቃችሁ ፊት ይከብዳል። ከእግዚአብሔር ጋር መሄድ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። «ይቅርታ፣ ይህን አልፈርምም» ማለት ይቻላል። ዋጋ ያስከፍላል፤ አያስከፍልም ብዬ አላታልላችሁም።

«ኃጢአትን የሚጠላ ኃጢአተኛን ይሸሻል»

ዳንኤል ስለ ሕዝቡ በደል ሲጸልይ «ኃጢአት ሠሩ» አላለም። «ኃጢአት ሠርተናል» አለ። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ከዚህ ዓለም ኃጢአተኞች ጋር ፈጽሞ እንዳትገናኙ ማለቴ ቢሆንማ ከዓለም መውጣት ባስፈለጋችሁ ነበር ይላቸዋል።

«አንዴ የወደቀ አበቃለት»

ጴጥሮስ ጌታውን 3 ጊዜ ካደ። ኢየሱስ ከትንሣኤው በኋላ 3 ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው።

«ብቻዬን ቀረሁ»

ይህን ያለው ኤልያስ ነው፤ ሕመሙም የእውነት ነበር። ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው ዝታ ነበርና ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር መጀመሪያ አልገሠጸውም። አስተኛው፤ በመልአክ እጅ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞም አስተኛው። የደከመ ሰው ከምክር በፊት እንቅልፍና ምግብ ይፈልጋል።

«ብቻዬን ነኝ» ማለቱ ግን ልክ አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በፊት አብድዩ አግኝቶት፣ በኤልዛቤል ባል በንጉሥ አክዓብ ቤት እያገለገለ፣ ኤልዛቤል እንዳትገድላቸው 100 ነቢያትን አምሳ አምሳ አድርጎ በዋሻ እንደ ሸሸገ ነግሮታል። ኤልያስ ይህን ሰምቷል። ተስፋ መቁረጥ እንዲህ ነው፤ የሰማነውን ያስረሳናል። እግዚአብሔርም በኣል ለተባለው ጣዖት ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉት ነገረውና መልሶ ላከው። ኤልያስ ከዚያ ሄዶ በኋላ በእርሱ ፋንታ ነቢይ የሆነውን ኤልሳዕን አገኘው። ኤልሳዕ በ12 ጥማድ በሬ ያርስ ነበር፤ እርሱ ራሱም ከአሥራ ሁለተኛው ጥማድ ጋር ነበር።