«እነሱ ጋ ባል አምላክ ነው አይደል?»

የህንዷ ከተማ ፑኔ አራት ዓመት ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ አንገሽግሾኛል። የህንድ ፊልም የሚወድ ሁሉ ቡና ላይ ሲያገኘኝ ይጠይቀኛል። ፊልሙ ላይ ሚስት ጎንበስ ብላ የባሏን እግር ነክታለቻ! በቃ፣ የሂንዱ ትዳር ተጠንቶ አለቀ።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርሳቸው።

«እግር መንካት የሚስት ዕዳ ነው።» ልጅ አባቱን፣ ተማሪ መምህሩን፣ ወንዱም አያቱን ይነካል። የእኛን ጉልበት መሳም አስቡት።

«ግንባሯ ላይ ነጥብ ያላት ባለትዳር ናት።» አይደለችም። ቢንዲ ትንሽ ልጅም ታደርጋለች። ፑኔ ያገባችውን ለማወቅ አንገቷ ላይ ጥቁር ዶቃ ያለውን ማንጋልሱትራ እዩ።

«ባል ሲሞት ሚስት አብራ ትቃጠላለች።» ሰቲ ድሮም የሁሉም ቤት ልማድ አልነበረም። እንግሊዞች ቤንጋል ውስጥ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1829 ነው።

«ፍቺ የለም፣ ሚስት መደረብ ግን ይቻላል።» የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ፍቺን ፈቀደ፣ መደረብን ከለከለ።

አሁን ወደ አምላኩ ባል።

ነገሩ ከሜዳ አልመጣም። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ላይ፣ ጥሩ ሚስት ባሏ ምግባረ ብልሹ ቢሆን እንኳ እንደ አምላክ ታክብረው ይላል። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ ሴቶች በማይከበሩበት ቤት የሚደረግ ሥርዓት ሁሉ ፍሬ የለውም ይላል። የመጀመሪያውን ብቻ በቃሉ የያዘ ወንድ እዚያም ሞልቷል።

እኔን የሚያናድደኝ ከዚያች ጥቅስ ተነስቶ «ስለዚህ መንፈሳዊው ነገር የባል ነው፣ ሚስት ተከታይ ናት» ማለት ነው። በቬዳ፣ ማለትም በጥንቶቹ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ሥርዓት ባለትዳር ወንድ ያለ ሚስቱ መሥዋዕት ማቅረብ አይችልም። የጥንቱ የሳንስክሪት ሰዋስው ሊቅ ፓኒኒ እንኳ «ፓትኒ»፣ ማለትም ሚስት የሚለውን ቃል የሚያስረዳው ከመሥዋዕት ጋር አያይዞ ነው። ራማያና በሚባለው ጥንታዊ ታሪክ ንጉሡ ራማ ሚስቱን ሲታን ካባረራት በኋላ ለትልቁ መሥዋዕት ምን አደረገ? በቦታዋ የወርቅ ምስሏን አቆመ። ንጉሥ ነው፣ ግን ብቻውን አይሆንለትም።

የተከራየሁበት ቤት ጌታ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩ። አንድ ቀን ቤታቸው ፑጃ፣ ማለትም የአምልኮ ሥርዓት ተደገሰ። ሰውዬው ነጭ ለብሰው፣ አበባ በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ቄሱ ግን አይጀምሩም፤ ዓይናቸው ወጥ ቤት ወጥ ቤት ያያል። ባለቤታቸው እጃቸውን በሳሪያቸው ጫፍ እየጠረጉ መጡና በቀኛቸው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ውኃ ሲያፈሱ፣ ሩዝ ሲበትኑ፣ የሚስትየው ጣቶች ሁሌ የባላቸው ቀኝ እጅ ላይ ነበሩ። የሁለቱም መሥዋዕት የሚሆነው በዚያ ንክኪ ነው።

እኩል ናቸው እያልኩ ግን አይደለም። ጸሎቱን የሚደግመው እሱ ነው። በማኑ ሕግ ሚስት ስትሞት ባል በቤታቸው ቅዱስ እሳት ያቃጥላትና ሌላ አግብቶ እሳቱን እንደገና ያነድዳል። ለመበለቲቱ ይህ መመለሻ የላትም። መተቸት ካማራችሁ እዚህ ጋ ተቹ፤ እግር መንካቱን ተዉት።

የህንድ ሰርግ ከተጠራችሁ ደግሞ በልታችሁ አትውጡ። ብዙ ሰው የሚያመልጠው ዋናው ነገር ሳፕታፓዲ፣ ሰባቱ እርምጃ ነው። እኔ ባየሁት ሰርግ ሰባት ትንንሽ የሩዝ ክምር መሬት ላይ ተደረደረ፣ ሙሽሪት በቀኝ እግሯ አንድ በአንድ ረገጠች። ሥርዓቱ ከተፈጸመ ያ የ1955ቱ ሕግም ጋብቻው የጸናው ሰባተኛው ላይ ነው ይላል። ሰባተኛው ላይ ሙሽራው የሚላትን ጠጋ ብላችሁ አስተርጉሙ፦ «በሰባት እርምጃ ጓደኛዬ ሁኚ።»