ሃይ ዴዘርት ምንድን ነው? ለሳንታ ፌ የሦስት ቀን ሽርሽር

በረሃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ቆላ ነው፤ አፋር፣ ኦጋዴን፣ ዝቅ ብሎ የሚያቃጥል ሜዳ። የኒው ሜክሲኮ ግዛት ዋና ከተማ ሳንታ ፌ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ፣ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 350 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሃይ ዴዘርት፣ ማለትም ከፍታ ላይ ያለ በረሃ፣ የሚሉት ይህንን ነው፤ ከፍታው የወይና ደጋ፣ ዝናቡ የቆላ። የአየር ንብረት አጥኚዎች «ከፊል በረሃ» ቢሉት ይመርጣሉ፤ ለመንገደኛ ግን ልዩነቱ እምብዛም ነው።

ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው በረሃ የምትለውን ግማሽ ብቻ ሰምቶ ቲሸርት ይይዛል፣ ማታ ይንቀጠቀጣል። አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ቀን የገባው ሙቀት ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ያመልጣል። በአሜሪካኖቹ በጋም ቢሆን ጃኬት የግድ ነው፣ በተለይ የሳንታ ፌ ኦፔራን ለማየት ለሚሄድ፤ ቲያትሩ ጣራ አለው፣ ጎኑ ግን ክፍት ነው።

የአየር ግፊቱም ከባሕር ዳርቻው ወደ ሩብ የሚጠጋ ያንሳል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለመጣ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለዓመታት ዲሲ ወይም ሂውስተን የኖረ ሰው ግን ሰውነቱ ደጋውን ረስቶታል፤ «እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ» ማለት ከራስ ምታት አያድንም። የመጀመሪያውን ቀን ማቅለል፣ አልኮል መተው፣ ሳይጠሙ ውኃ መጎንጨት ይበቃል። የአየሩ ድርቀት ግን ለሁሉም እኩል ነው፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ነስር የሚይዘውም አለ። ማታ አፍንጫ ውስጥ ትንሽ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ፀሐዩም በከፍታው ምክንያት ይበረታልና ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይረሱ።

መግቢያው አውሮፕላን የሚያርፍባት አልበከርኪ ከተማ ናት፤ ከዚያ በመኪና 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንድ ሰዓት። መኪና ለማይፈልግ ሬይል ራነር የሚባል ባቡር አለ፤ የሚነሳው ግን ከከተማው መሃል ነው እንጂ ከአውሮፕላን ማረፊያው አይደለም፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ምልልሱ ይቀንሳል። ሰዓቱን ሳያዩ ትኬት መቁረጥ ግማሽ ቀን ያስበላል።

የመጀመሪያው ቀን ለፕላዛው፣ ማለትም ለከተማው መሃል አደባባይ፣ ይሁን። በሰሜን በኩል ያለው የገዥዎች ቤተ መንግሥት በ1610 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር አካባቢ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው አዶቤ ይባላል፣ ማለትም በጭድ ተቦክቶ ፀሐይ ላይ የደረቀ የጭቃ ጡብ። የጭቃ ቤት ያየ አበሻ ወዲያው ያውቀዋል። (ከተማው ውስጥ ያለው ቡናማ ሕንፃ ሁሉ ግን አዶቤ አይደለም፤ ብዙው የእንጨት ማገር ላይ በልስን የተመሰለ ነው።)

በዚህ ሕንፃ በረንዳ ሥር የአገሬው ተወላጅ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ጨርቅ ዘርግተው ይሸጣሉ። ቦታው በየማለዳው በዕጣ ይደለደላል፣ የሚሸጠውም የራሳቸው ወይም የቤተሰባቸው የእጅ ሥራ መሆን አለበት። ተርኮይዝ የሚባለውን ሰማያዊ አረንጓዴ ድንጋይ ጌጥ የሚገዛ ሰው «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት ስለ ድንጋዩ ይጠይቅ፤ እንደወጣ ያለ ነው? እንዳይሰባበር ሙጫ የጠጣ ነው? ወይስ ቀለም የገባበት ፕላስቲክ? ሙጫ የጠጣው ነውር የለውም፣ እውነተኛ ድንጋይ ነው፣ ዋጋው ግን ካልተነካው ማነስ አለበት። ሦስተኛው ድንጋይ አይደለም። የሌላን ሥራ የተወላጆች ነው ብሎ መሸጥ በፈረንጆች 1990 ከወጣው የፌዴራል ሕግ ወዲህ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ስለዚህ የሠሪውን ስምና ጎሣ በደረሰኝ ላይ ማስጻፍ ነውር አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የሠዓሊዋ የጆርጂያ ኦኪፍ ሙዚየም፣ ትኬቱን ቀድሞ በኢንተርኔት ይዞ። ከሰዓት ካንየን ሮድ የሚባለው ጎዳና፤ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የሥዕል ጋለሪው ተደርድሯል፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ሁሉንም ማየት የሚል ዕቅድ እዚህ ይከሽፋል፤ ከአሥረኛው በኋላ ዓይን ምንም አይለይም። አምስት ስድስት መርጦ፣ ከላይኛው ጫፍ ወርዶ ቁልቁል መሄድ ይሻላል። ብዙዎቹ በአሜሪካ ሰዓት 5 ላይ ይዘጋሉ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድም ወጉ ነው።

ራት ላይ አስተናጋጁ «ቀይ ወይስ አረንጓዴ?» ይላል። የሚጠይቀው ስለ ቃሪያው ስልስ ነው፤ ሁለቱንም የሚፈልግ «ክሪስማስ» ይበል። አረንጓዴው ይለዝባል ብሎ መገመት አያዋጣም፣ የዕለቱን የሚያቃጥለው የትኛው እንደሆነ ይጠየቅ። በርበሬ የለመደ አፍ ባይደነግጥም።

ሦስተኛው ቀን ለአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ በቺማዮ መንደር በኩል ወደ ታኦስ ከተማ፣ ወይ የጥንት ሰዎች በገደል ፈልፍለው ወደኖሩበት ባንዴሊየር። ሁለቱን በአንድ ቀን ማጣመር ሽርሽሩን ሹፍርና ያደርገዋል። ጁላይና ኦገስት ከሆነ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል፤ ገደልና መሰላል መውጣት ያሰበ ጠዋት ጀምሮ ከምሳ በፊት ይውረድ። ኦገስት ላይ ታላቁ የተወላጆች የጥበብ ገበያ ስለሚቆም አልጋ ይወደዳል፤ ጸጥታ የሚፈልግ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይሂድ፣ ያኔ በተራራው ላይ ያሉት አስፐን ዛፎችም ቢጫ ይሆናሉ።