ተርም ፔፐር ለምን ይከብዳል? በስህተት የሚነገሩ ምክሮችና እውነታው

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ጀሞ እየኖረ ኮሌጅ የሚማር ተማሪ ተርም ፔፐር (ለአንድ ኮርስ ተሠርቶ የሚቀርብ የጥናት ጽሑፍ) ሲታዘዝ ከሲኒየሮቹ ብዙ ምክር ይሰማል። አብዛኛው ሥራውን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

«ርዕሱ ሰፊ ሲሆን የሚጻፍ አይጠፋም።»
ከሁሉ የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። «የውሃ እጥረት በአዲስ አበባ» ብሎ የተነሳ ሰው ሦስት ገጽ ያህል የታወቀ ነገር ጽፎ ይነጥፍበታል፤ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አልያዘምና። ርዕሱን እስከምትኖሩበት ብሎክ ድረስ አጥብቡት፦ «ኮዬ ፈጬ ውስጥ ውሃ በሚቆራረጥባቸው ቀናት በምድር ቤትና በአራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ቤተሰቦች ምን ያህል ውሃ ያገኛሉ?» ግፊት ሲያንስ ውሃው ታች ደርሶ ላይ ስለማይወጣ፣ ልዩነት እንደሚኖር ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ከየፎቁ 6፣ በድምሩ 12 ቤት አንኳኩታችሁ በቀን ስንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንደሚጠቀሙ፣ ማን ተሸክሞ እንደሚያወጣና ስንት ብር እንደሚከፈል ጠይቁ። ለአንድ ተርም ፔፐር ይህ ይበቃል። ከ12 ቤት ተነስቶ ስለ መላው ከተማ መደምደም ግን አይቻልም፤ ይህንን በግልጽ ጻፉት። መምህር ማርክ የሚቀንሰው በናሙናው ማነስ ሳይሆን በድምዳሜው መጋነን ነው።

«መረጃው ወረዳ አለ፣ ሄዶ መጠየቅ ነው።»
ባዶ እጁን የሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከትምህርት ክፍላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ፤ የምትፈልጉት መረጃ ዓይነትና ዓመት በደብዳቤው ላይ ይጠቀስ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያገኛል፣ ለኃላፊ ይቀርባል፣ ከዚያ ወደ ባለሙያ ይመራል። አንዳቸው ስብሰባ ከገቡ ቀናት ያልፋሉ። ስለዚህ ርዕሱ በጸደቀ ሳምንት አስገቡት፤ ቁጥሩንም ያዙ።

«መግቢያው ሳያልቅ ወደ ሌላው አይኬድም።»
መግቢያ ገና ያልተጻፈን ነገር ማስተዋወቅ ስለሆነ ነው ቀን ሙሉ የሚያስቀምጠው። ከሰንጠረዡና ከውጤቱ ጀምሩ፣ መግቢያውን መጨረሻ ላይ ጻፉ።

«ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው።»
ሐሳብም ቋንቋም በአንዴ ሲፈለግ ሁለቱም ይጠፋሉ። የእያንዳንዱን አንቀጽ ዋና ሐሳብ በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። በአማርኛ ግልጽ ያልሆነ በእንግሊዝኛ አይጠራም።

«ቃላቱን ከቀየርኩ ኮፒ አይባልም።»
ይባላል። የሐሳቡ ቅደም ተከተል የሌላ ሰው ከሆነ ምንጭ መጥቀስ ግድ ነው። አንብባችሁ ወረቀቱን ክደኑ፣ የገባችሁን በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ፣ ከዚያ ከፍታችሁ አመሳክሩ።

«ሬፈረንስ የመጨረሻው ሌሊት ሥራ ነው።»
እኛ አገር ይህ በተለይ ሁለት ቦታ ያስቸግራል። አንደኛው ዓመተ ምሕረት ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደ ሲሆን በፈረንጆቹ 2007 ነው፤ «2007» ብቻ ብሎ የጻፈ አንባቢውን 8 ዓመት ያሳስተዋል። የመንግሥት ሪፖርት ደግሞ በጀት ዓመትን ስለሚከተልና በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የ2012 በጀት ዓመት 2019/20 ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው ስም ነው። የሬፈረንስ ሶፍትዌር የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ያስቀድመዋል። የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ጸሐፊዎች እንደ አንድ ሰው ሊታዩ ይችላሉ። ትምህርት ክፍላችሁ የትኛውን አጻጻፍ እንደሚቀበል ጠይቁና ከገጽ 1 እስከ መጨረሻው በዚያው ጽኑ።

«ኮምፒውተሬ ላይ ካለ አለቀ።»
መብራት የሚጠፋው አስረክቡ በተባለበት ዋዜማም ነው። ፋይሉን ፍላሽ ላይም ኢሜይል ላይም አስቀምጡ። ወደ ማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ ውሰዱት፤ እዚያ ያለው ወርድ የቆየ ከሆነ ወይም ፎንቱ ከሌለው ሰንጠረዡ ይበታተናል፣ የገጽ ቁጥሩም ይዛባል። ሙሉውን ከማስወጣታችሁ በፊት ሰንጠረዥ ያለበትን አንድ ገጽ ብቻ አሳትማችሁ እዩ።