ባሕር ዳር ላይ የአንድ ድርጅት የሥነ ምግባር ደንብ እንዴት ይገመገማል?

የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ድርጅት ለሠራተኛውም ለአለቃውም የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን የሚያስቀምጥበት ሰነድ ነው። ጉቦ፣ ስጦታ፣ የጥቅም ግጭት፣ ትንኮሳ፣ የድርጅት ንብረት፣ ሚስጥር፤ ይዘቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ካሉ ትልልቅ ሆቴሎች፣ ባንኮችና ፋብሪካዎች ብዙዎቹን ብትጠይቁ «አለን» ይሏችኋል። መንግሥት ቢሮ ከገባችሁ ደግሞ አሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ታገኛላችሁ።

ሰነድ መኖሩ ግን ብዙ አይነግርም። ኢንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ባለ 64 ገጽ ደንብ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ሲከስር የሂሳብ ማጭበርበሩ ከላይ ከአመራሩ እንደነበር ታወቀ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዓቃቤ ሕጎችም ኩባንያ ሲመረምሩ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ሥርዓቱ ታስቦበት የተዘጋጀ ነው? በጀትና ሥልጣን አለው? በተግባርስ ይሠራል? ጉዱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ደንቡ የድርጅቱን ሥራ ማወቁ ነው። አንዳንዱ ከሌላ አገር ኩባንያ ተገልብጦ ስለ አክሲዮን ገበያ ሚስጥር ገጽ ሙሉ ያወራል፣ እንግዳ ይዞ የመጣ አስጎብኚ ወይም ባጃጅ ነጂ ከሆቴሉ ስለሚቀበለው ኮሚሽን ግን አንድ ቃል የለውም። ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚሄድ እንግዳ ጀልባውን የሚመርጥለት ማነው? ቲፕ እንዴት ይከፋፈላል? ዓሣ አቅራቢው የግዥ ኃላፊው ዘመድ ቢሆንስ? ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ወደ ፈረቃ ድልድልና ወደ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ይዞራል።

ሕጉ መነሻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ ይህ በአሠሪዋ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም። የድርጅቱ ደንብ ከዚህ በታች ከወረደ ሌላውን ማንበብ ድካም ነው።

ከዚያ ወደ ሰዉ ነው የሚኬደው። ስንት ጥቆማ ደረሰ? ዜሮ ከሆነ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ የአስተያየት ሳጥኑ ካሜራ ሥር ወይም የሥራ አስኪያጁ በር ላይ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። ከተማዋም ሰው በሰው የተያያዘባት ናት፤ አለቃህን ጠቁመህ እሑድ ዕድር ላይ አጠገቡ ትቀመጣለህ። በእጅ የሚሞላ መጠይቅም ትንሽ ቢሮ ውስጥ ማንነትን አይደብቅም፣ ጽሑፉ ይታወቃላ! ስለዚህ ደህና ገምጋሚ ጥበቃዎቹን፣ ጽዳቶቹንና አስተናጋጆቹን አለቆቻቸው በሌሉበት፣ ከተቻለም ከግቢው ውጭ ያናግራል።

ሥልጠናና የፊርማ ወረቀት ይቆጠራሉ፣ ግን ብዙ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም። የዲሲፕሊን ፋይሉ የተሻለ ይናገራል። በአንድ ዓይነት ጥፋት አስተናጋጁ ከደመወዙ ተቆርጦበት የክፍል ኃላፊው «በምክር ታልፏል» ከተባለ ደንቡ ለማን እንደተጻፈ ግልጽ ነው። ሌላው መታየት ያለበት የዝውውር ደብዳቤ ነው። አምና ቅሬታ ያቀረበ ሠራተኛ ዘንድሮ ሩቅ ቅርንጫፍ ተመድቦ ከሆነ፣ ደብዳቤው ላይ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ተብሎ ቢጻፍም ቀኑን ከቅሬታው ቀን ጋር ማስተያየት ነው።