ዋጋው የቀነሰው ሻይ ለምን ባሕር ገባ? የቦስተን የቀረጥ ተቃውሞና ወራሾቹ

እንግሊዝ ሰሜን አሜሪካን በቅኝ በምትገዛበት ዘመን ከተነሡት የግብር ተቃውሞዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ዲሴምበር 16 ቀን 1773 ምሽት በቦስተን ወደብ የተፈጸመው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶ የማያንሱ ሰዎች ሦስት መርከቦች ላይ ወጥተው 342 ሣጥን ሻይ እየፈለጡ ባሕር ውስጥ ደፉት። ሻዩ በእኛ ሚዛን ከ400 ኩንታል በላይ ይመዝን ነበር። በዚያ ምሽት ሰው አልሞተም። ነገር ግን ከ16 ወራት በኋላ ከቦስተን አቅራቢያ በሌክሲንግተን የተተኮሰው ጥይት የአሜሪካን የነፃነት ጦርነት ሲከፍት፣ ነገሩን እዚያ ያደረሰው የዚያ ሻይ ጣጣ ነበር።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው “ሻይ ላይ ከባድ ግብር ስለተጣለ ሕዝቡ ዐመፀ” ተብሎ ነው። ይህ ስሕተት ነው። በዚያ ዓመት የሻይ ቀረጥ አልጨመረም፤ የሻዩ ዋጋ እንዲያውም ሊወርድ ተዘጋጅቶ ነበር። ኋላ የመጡት የፖለቲካ ንቅናቄዎች የቦስተንን ስም ሲወርሱ መንገድ የሚለያዩት እዚህ ላይ በመሆኑ፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

እንግሊዝ በ1763 ከሰባቱ ዓመት ጦርነት በድል ብትወጣም ከባድ ዕዳ ተሸክማ ነበር። ከዕዳውና ከሠራዊቱ ወጪ ከፊሉን የአሜሪካ ሰፋሪዎች እንዲሸከሙ ፓርላማው በ1764 በስኳር፣ በ1765 ደግሞ በቴምብር ላይ ግብር ጣለ። ለፍርድ ቤት ሰነድ፣ ለጋዜጣ፣ ለመጫወቻ ካርታ ሳይቀር ቴምብር ተጠየቀ። ሰፋሪዎቹ በለንደን ፓርላማ አንድም የመረጡት ሰው ስላልነበራቸው “ያልወከልነው ምክር ቤት ገንዘባችንን ሊወስድ አይችልም” አሉ። የቴምብሩ ሕግ በዓመቱ ተሻረ። በ1767 በወረቀት፣ በመስታወት፣ በቀለም፣ በእርሳስ ማዕድንና በሻይ ላይ ቀረጥ መጣ፤ በ1770 ያም ተነሣ። የቀረው የሻዩ ብቻ ነበር፤ በአንድ ፓውንድ ክብደት ሦስት ፔንስ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ፓርላማው ግን ሆን ብሎ ነበር የተወው፤ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን እንዳለው ምልክት ሆኖ እንዲቆይ።

በ1773 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መጋዘኖች ባልተሸጠ የቻይና ሻይ ተጨናንቀው ኩባንያው ሊከስር ተቃረበ። ፓርላማው ያወጣው የሻይ ሕግ ኩባንያው መካከለኛ ነጋዴዎችን አልፎ በቀጥታ ወደ አሜሪካ እንዲልክ ፈቀደለት፤ በእንግሊዝ የሚከፍለውንም ቀረጥ መለሰለት። በዚህ ስሌት የኩባንያው ሻይ ከሆላንድ በኮንትሮባንድ ከሚገባው ሻይ በታች ሊሸጥ ይችል ነበር። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነበር፤ ርካሹን ሻይ የሚገዛ ሁሉ ሦስቱን ፔንስ ይከፍላል፣ ሲከፍልም ያልመረጠው ፓርላማ ገንዘቡን የመውሰድ መብት እንዳለው አመነ ማለት ነው። ከንግዱ የተገፉት ነጋዴዎችና ኮንትሮባንዲስቶች የራሳቸው ጥቅም እንደነበራቸው አይካድም። ሆኖም ነገሩ የኪስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራው ሸማች ርካሹን ሻይ በደስታ በገዛ ነበር።

ሻዩን የጫነችው ዳርትማውዝ መርከብ በኖቬምበር 28 ቦስተን ገባች፤ ኤሌኖርና ቢቨር ተከተሏት። በሕጉ መሠረት አንድ መርከብ በ20 ቀን ውስጥ ቀረጥ ካልከፈለ ጭነቱ ይወረሳል፤ የዳርትማውዝ ቀነ ገደብ ዲሴምበር 17 ነበር። ቦስተን የምትገኝበት የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ገዥ ቶማስ ሃቺንሰን ቀረጥ ሳትከፍል መርከብ አትወጣም አለ። የገዥው ሁለት ልጆች ከሻዩ ተረካቢ ነጋዴዎች መካከል ነበሩ። በ16ኛው ቀን 5,000 ያህል ሰው በኦልድ ሳውዝ የጸሎት ቤት ተሰበሰበ፤ የከተማዋ ነዋሪ በጠቅላላው ከ15,000 ብዙም የማይበልጥ ነበር። የገዥው የመጨረሻ እምቢታ ሲሰማ ቀኑ መሽቶ ነበር።

ሰዎቹ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው፣ ብርድ ልብስ ደርበው፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን ሞሆኮች መስለው ወደ ግሪፊን የመርከብ ማረፊያ ወረዱ። ጆርጅ ሂውዝ የተባለ ጫማ ሰፊ በእርጅናው እንደተናገረው፣ ሥራው ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ሻዩ ከመርከቦቹ ጎን እንደ ድርቆሽ ተከመረ። ሻይ በኮቱ ውስጥ ሊደብቅ የሞከረ ሰው ተይዞ ተዋረደ፤ የአንድ መርከብ ካፒቴን የተሰበረ ቁልፍም ተተካ። በማግስቱ ጠዋት ሻዩ አሁንም ይንሳፈፍ ስለነበር ሰዎች በትንንሽ ጀልባ ወጥተው በመቅዘፊያ እየደበደቡ አሰመጡት። ከተሳታፊዎቹ አንዱ የነበረው ቶማስ ሜልቪል ማታ ቤቱ ሲገባ ጫማው ውስጥ የተገኘው ጥቂት ቅጠል እስከ ዛሬ በብልቃጥ ተቀምጦ ይታያል።

ለንደን በቁጣ መለሰች። ለጠፋው ሻይ ካሣ እስኪከፈል የቦስተን ወደብ ከጁን 1 ቀን 1774 ጀምሮ ተዘጋ፤ የማሳቹሴትስ የራስ አስተዳደር ተገፈፈ፤ የከተማ ስብሰባ ያለ ገዥው ፈቃድ ተከለከለ። ቅጣቱ እስከዚያ ድረስ ሆድና ጀርባ የነበሩትን ቅኝ ግዛቶች አስተባበረ፤ በሴፕቴምበር ተወካዮቻቸው ፊላዴልፊያ ላይ ተሰበሰቡ።

ይህን ታሪክ በባርነት የተያዙትን ሰዎች ሳያነሡ መናገር ጉድለት ነው። ሻዩን የጫነችው ዳርትማውዝ በዚያው ጉዞ የፊሊስ ዊትሊን የግጥም መጽሐፍ ቅጂዎችም ይዛ ነበር፤ ዊትሊ በልጅነቷ ከምዕራብ አፍሪካ ተነጥቃ በቦስተን የተሸጠች ገጣሚ ናት። በዚያው ዓመት በኤፕሪል፣ ሻዩ ከመደፋቱ ስምንት ወር ቀደም ብሎ፣ የማሳቹሴትስ ባሮች ለምክር ቤቱ በጻፉት አቤቱታ፣ ሊገዟቸው የተነሡትን ከተቃወሙ ሰዎች ትልቅ ነገር እንደሚጠብቁ ገልጸዋል። በ1780 ፖል ካፊና ሌሎች ጥቁሮች ድምፅ ሳይኖረን ግብር እንከፍላለን ብለው ለዚያው ክፍለ ግዛት አቤት አሉ። የጥያቄው እውነተኛ ወራሾች እነርሱ ነበሩ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሴቶችም ተከተሉ። ሉሲ ስቶን በ1858 በኒው ጀርሲ፣ መምረጥ ስለማልችል ግብር አልከፍልም ብላ የቤት ዕቃዋ በሐራጅ ተሸጠ። በ1873፣ በመቶኛው ዓመት፣ የምርጫ መብት ታጋይ ሴቶች ቦስተን ላይ “የሻይ ግብዣ” ጠሩ። የቦስተኑ ድርጊት ራሱ ለረጅም ጊዜ “የሻዩ መጥፋት” እየተባለ ነበር የሚጠራው፤ “የሻይ ግብዣ” የሚለው ስያሜ በጽሑፍ የተስፋፋው በ1830ዎቹ ነው።

ከአሜሪካ ውጭም ስሙ ተጠርቷል። በኦገስት 1908 ጋንዲና ጓደኞቹ በጆሃንስበርግ የምዝገባ መታወቂያ ወረቀታቸውን ሲያቃጥሉ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ዘጋቢ ድርጊቱን ከቦስተን ጋር አመሳስሎታል። በ1930 ደግሞ ጋንዲ ሕንድ ውስጥ የጨው ግብርን በመቃወም ባሕር ዳር እስካለችው ዳንዲ 24 ቀን በእግሩ ተጓዘ፤ ከማርች 12 እስከ ኤፕሪል 5። ማርቲን ሉተር ኪንግም በ1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ ቦስተንን ሕግን በሰላም ለመጣስ ምሳሌ አድርጎ ጠቅሷል።

በዘመናችን ስሙን ከሁሉ አጉልቶ የያዘው በ2009 የተነሣው የ“ቲ ፓርቲ” ንቅናቄ ነው። በእንግሊዝኛ “ቲ” ሻይ ሲሆን “ፓርቲ” ግብዣም የፖለቲካ ድርጅትም ስለሚሆን ስሙ ሁለቱንም ትርጉም አብሮ ተሸከመ። መንግሥት ከፋይናንስ ቀውሱ ለመውጣት የ787 ቢሊዮን ዶላር ወጪ ባጸደቀበት ወር፣ በፌብሩዋሪ 19፣ ሪክ ሳንቴሊ የተባለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከቺካጎ የግብይት አዳራሽ “የቺካጎ ሻይ ግብዣ” እንዲጠራ ጮኸ። በኤፕሪል 15፣ ግብር በሚከፈልበት ቀን፣ በብዙ ከተሞች ሰልፍ ወጣ። በ2010 ምርጫ ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት 63 ተጨማሪ መቀመጫ ሲያገኙ የንቅናቄው ጉልበት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሰልፈኞቹ ግን የመረጧቸው ተወካዮች ነበሯቸው፤ የሚቃወሙት የግብሩንና የወጪውን ብዛት ነበር። አንዳንዶቹ ዕዳው ገና ድምፅ በሌላቸው ልጆች ላይ ይወድቃል ብለው ተከራክረዋል፤ ከ1773ቱ ጥያቄ ጋር በእውነት የሚገናኘው ክርክራቸው ይህ ይመስለኛል።

የጥንቱ ጥያቄ እንዳለ የሚገኘው ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ነው። በ2020 ቆጠራ 690,000 ገደማ የሆነው ነዋሪዋ ከዋዮሚንግም ከቨርሞንትም ክፍለ ግዛት ነዋሪ ይበልጣል፤ የፌዴራል ግብርም ይከፍላል። ነገር ግን አንድም ሴናተር የለውም፤ በተወካዮች ምክር ቤት ያለው አንድ ሰው ደግሞ በመጨረሻው ድምፅ አሰጣጥ ድምፅ አይሰጥም። ለፕሬዚዳንት የመምረጥ መብት እንኳ ያገኘው በ1961 ነው። በከተማዋ ከሚኖሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ዜግነት የወሰደውም መኪናውን አስመዝግቦ ሰሌዳ ሲለጥፍ ከቦስተን የወረደውን ቃል ይዞ ይነዳል። ከ2000 ጀምሮ በከተማዋ መደበኛ ሰሌዳ ግርጌ “ያለ ውክልና ግብር” ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ በ2017 በእንግሊዝኛው ጽሑፍ አንድ ቃል ከፊቱ ተጨመረና “ያለ ውክልና ግብር ይብቃ” ሆነ።